«ምን ማለት ነው?» የማይባልበት ሸንጎ

ቡርኦ ውስጥ የጧት ሻይ የሚጠጣው ከከብት ገበያው አጥር ሥር ነው። ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት የሚወስደኝ መንገድ በዚያ ስለሆነ፣ ወደድኩም ጠላሁም የከተማውን ወሬ ሁሉ እየሰማሁ አልፋለሁ። አንድ ጧት እንዲሁ ሳልፍ ጎረቤቴን ኦዳይ ሸርማርኬን ከአንዲት የታሰረች ግመል ጀርባ ቆመው አገኘኋቸው። ኦዳይ የምንለው ሽማግሌን ስናከብር ነው። አንገታቸውን አስግገው፣ ጆሯቸውን ወደ ሻይ ቤቱ ቀስረው ነበር።

«ሰላም አለይኩም ኦዳይ! ምነው ከግመል ጀርባ? ተደበቁ እንዴ?» አልኳቸው።

«ወአለይኩም ሰላም። እኔ ሸርማርኬ ከማን ነው የምደበቀው? ጥላ ፈልጌ ነው እንጂ።»

ፀሐይዋ ገና ከአጥሩ በላይ አልወጣችም። ነገሩ ገባኝ። ከሻይ ቤቱ የሚሰማው የወንድማቸው ልጅ የካሪዬ ድምፅ ነበር።

ኦዳይ ሸርማርኬ የግመል ደላላ ናቸው፤ ዝናቸው ግን በአንደበታቸው ነው። ጎሳቸው ከሌላው ጋር ደም ሲቃባ ተነሥተው የሚያስታርቁ እሳቸው፣ ለወጣቱ ሚስት ሲጠየቅ ተነሥተው የሚጠይቁ እሳቸው። ካሪዬ ደግሞ ሀርጌሳ ተምሮ የተመለሰ ጎረምሳ ነው። ሌላው ተማሪ ዕረፍቱን በስልክ ሲያሳልፍ፣ እሱ ሐውድ ወደሚባለው የግጦሽ ምድር ወርዶ ከግመል ጠባቂዎች ጋር እያደረ የተረሳ ቃል ይለቅማል። መልቀሙስ ባልከፋ! ጧት ጧት መጥቶ ሻይ ቤቱ ውስጥ ይዘረግፈዋል።

«ትናንት የመጣውን ዝናብ ብሎ መጥራት ነውር ነው» ይላል ያን ዕለት። «ነፋስ እየገፋ ከጎን የሚያመጣው የራሱ ስም አለው። ሌሊት መጥቶ ሰው ሳያየው የሚሄደው ሌላ ስም አለው። ከሩቅ እያዩት እኛ ዘንድ ሳይደርስ የሚቀረውም ስም አለው።» እያለ ስማቸውን አንድ በአንድ ይደረድረው ጀመር። እኔ ራሴ ግማሹን ሰምቼው አላውቅም።

«ወላሂ ይሄ ልጅ አፍ ያስከፍታል!» አለ አንዱ።

«መዝገበ ቃላቱ ደግሞ መጣ! ሻዩንስ ዛሬ ምን ብለህ ልትጠራው ነው?» ብሎ ሌላው አሳቀ።

አንድ ሽማግሌ ግን ሳይስቁም ሳያጨበጭቡም ሻያቸውን በግማሽ ትተው ወጡ። ብዙ ቃል የሚያውቅ ሰው ሲናገር እንዲህ ነው፤ አንዱ ሳይገባው ያጨበጭባል፣ አንዱ ያላግጣል፣ አንዱ ራሱን ትንሽ አድርጎ ይሸሻል። «አልገባኝም፤ ድገምልኝ» የሚል ግን አይገኝም።

ወደ ኦዳይ ሸርማርኬ ዞር ብል ፊታቸው ጠቁሯል።

«ሰሙት መምህር? እነዚያ ቃላት እኮ የእናቴ ናቸው፤ ከወተት ጋር የጠጣኋቸው። ይሄ ልጅ ከትናንት ወዲያ ለቃቅሟቸው መጥቶ ዛሬ በእኔ ገበያ ላይ ይነግድባቸዋል!»

«ታዲያ እርስዎም ያውቋቸው የለ? ምን ያናድድዎታል?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አውቃቸው ነበር። ገበያ ከገባሁ ወዲህ ግን ማን ይጠቀምባቸዋል? በደላላ ቋንቋ ‹ይሄን ያህል፣ ያን ያህል› ስል ዕድሜዬ አለቀ። አሁን ሲላቸው ስሰማ... የራሴን ልብስ ሌላ ሰው ለብሶት የማይ ይመስለኛል። አምሮበታል ደግሞ! እሱ ነው የሚያንጨረጭረኝ።»

ቅናት እንዲህ ፊት ለፊት ሲናገር ደስ ይላል። የሚያስፈራው የተደበቀው ነው። ያን ዕለት ኦዳይ ሸርማርኬ የተናገሩት ግማሹን እንደነበር ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ያን ሳምንት ለልጃቸው ለሊባን፣ የሐጂ ቡራሌን ልጅ ኢዲልን ሊጠይቁ ቀን ተይዞ ነበር። ሊባንና ኢዲል ይዋደዳሉ፤ ሰፈሩም ያውቃል። ነገር ግን ጅዳ የሚነግድ አንድ ሰውዬም ኢዲልን ጠይቆ የሐጂ ቡራሌን መልስ እየጠበቀ ነው። ስለዚህ ለሊባን ነገሩ የሞት ሽረት ነበር። አባቱ ተናግረው አባቷን ካላሳመኑ ኢዲል ባሕር ተሻግራ መሄዷ ነው።

ኦዳይ ሸርማርኬ ግን ሌላ ጭንቀት ነበራቸው። ካሪዬ ለመጠየቅ ከሚሄዱት ጋር ይመጣል። በእሱ ፊት ነው የሚናገሩት!

ቀኑ ደረሰና ከሰዓት በኋላ፣ አስር የሚባለውን ሰላት ሰግደን ሄድን። እኔም በጎረቤትነት ተቀላቀልኩ። የሐጂ ቡራሌ ግቢ ተጠርጎ፣ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ጥግ ላይ አንድ ሙክት በግ ታስሮ ይጮኻል። መልሱ ከተሳካ የሚታረደው እሱ ነው። ሐጂ ቡራሌ ራሳቸው የታወቁ ተናጋሪ ስለሆኑ ጎሳቸውን ሁሉ ሰብስበው ጠብቀውናል።

ኦዳይ ሸርማርኬ ተነሡ። ዱላቸውን ተደገፉ። አላህን አመሰገኑ። እስከዚህ ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ ጉድ ፈላ! ከዚያ አንደበተ ርቱዕ ሰው አፍ የማላውቀው ቋንቋ መጣ። ለካ ከግመሏ ጀርባ ጥላ የፈለጉት ለዚህ ኖሯል። ካሪዬ ሻይ ቤት ውስጥ ያላቸውን ብርቅ ቃላት ሰርቀው ቃል በቃል አጥንተዋቸዋል። የዝናቡም ስም መጣ፣ የሣሩም መጣ፣ የደመናውም መጣ። በመጨረሻም ኢዲልን በአንድ ቃል ጠሯት፤ ከሐውድ ሰዎች በቀር ማንም በማያውቀው የግመል ስም። ከዚያ ካሪዬን ገልመጥ አድርገው ተቀመጡ። ካሪዬ አቀርቅሮ ነበር።

እኔ የሐጂ ቡራሌን ወገን አየሁ። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። እኔ መምህር ነኝና ይህን መነቅነቅ አውቀዋለሁ። ክፍል ውስጥ ሁሉም ተማሪ በአንድ ጊዜ ራሱን ከነቀነቀልኝ፣ አንዱም አልገባውም ማለት ነው።

በእኛ አገር ሸንጎ ላይ የቃል ትርጉም መጠየቅ ነውር ነው። የጠየቀ ሰው «በቆርቆሮ ወተት ያደገ» ይባላል። በግመል ወተት አላደገም ለማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሸንጎ ላይ ቢናገር ማን ይሰማዋል? ስለዚህ ሁላችንም፣ ሽማግሌውም ጎልማሳውም፣ ሳይገባን መነቅነቅ ለምደናል። እስቲ ፍረዱኝ፤ ከዚህ የበለጠ ሞኝነት አለ?

ከሁሉም አብዝተው የነቀነቁት ሐጂ ቡራሌ ነበሩ። መልስ ሊሰጡ ተነሡ። ከንፈራቸው ደርቋል። በልጆቻቸው ፊት፣ በጎሳቸው ፊት፣ ያልገባቸውን ንግግር እንዴት አድርገው ይመልሱት?

«ሰምተናል» አሉ። «እናስብበታለን።»

ተመልሰው ተቀመጡ። በቃ! ሻይ ጠጥተን ወጣን። ስንወጣ በጉ አሁንም ይጮኽ ነበር።

በማግስቱ ወሬው መጣ። ሐጂ ቡራሌ፦ «ሸርማርኬ ልጄን ሊጠይቅ ሳይሆን ሊያዋርደኝ ነው የመጣው። አላዋቂ መሆኔን ለሰው ሊያሳይ! እኔም ቃል አጥቼ መሰለው?» ብለዋል። ለጅዳው ነጋዴም መልስ ሊልኩ አስበዋል ተባለ።

ወደ ኦዳይ ሸርማርኬ ቤት ሮጥኩ። ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተኝተው ጣራ ያያሉ። ሊባን ከግድግዳው ሥር ኩርምት ብሏል። ባለቤታቸው ደሃቦ ወገቧን ይዛ ከባሏ ራስጌ ቆማለች።

«አንተ ሰውዬ» ትላለች፣ «ለልጅህ ሚስት ልታመጣ ነበር የሄድከው ወይስ ለራስህ ጭብጨባ?»

«ዝም በይ ደሃቦ! ሐጂ ቡራሌ ነው የቀናው። እንዲህ ያለ ንግግር በዕድሜው ሰምቶ ስለማያውቅ ነው!»

«እኔስ ሰምቼ አውቃለሁ? ሴቶቹ ሁላችንም በመጋረጃው ወዲያ ሆነን ስንሰማ ነበር። አንዲትም ሴት አልገባትም። ኢዲልን ምን ብለህ እንደጠራሃት ልጅቱ ራሷ አላወቀችም። ‹ሰደቡኝ ወይስ አመሰገኑኝ?› ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት?»

በዚህ መሃል ካሪዬ በሩን አንኳኩቶ ገባ። ኦዳይ ሲያዩት ብድግ አሉ።

«መጣህ? ደስ አለህ አይደል! ሂድና ለሻይ ቤቱ ተርክ፤ ‹አጎቴ የእኔን ቃል ሰርቆ ተሰበረበት› በል!»

«አደር» አለ ካሪዬ፣ አጎቴ ማለቱ ነው፣ «ቃል ይሰረቃል እንዴ? የወሰዱት እኔ ዘንድ አልጎደለም።»

«አየህ! ትምህርት ቤት የተማርከው ይሄንን ነው፤ ሽማግሌ ማሳፈር። ድሮ እኮ ብርቅ ቃል በየሻይ ቤቱ አይዘራም ነበር። ዕድሜና ሽበት ነበር ቃል የሚያወጣ። አንተ ምን አይተህ ነው? የዝናቡን ስም ታውቃለህ፤ ዝናቡ ሳይመጣ ቀርቶ ከብት ሲያልቅ አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«እንዲያ ከሆነ አፍህን ዝጋ።»

«ብዘጋው ቃሉ ይሞታል አደር። ሐውድ ውስጥ ያስተማሩኝ ሽማግሌዎች ልጆቻቸው ከተማ ገብተዋል፤ የሚነግሩት ሰው የላቸውም። ‹ለማን ልተወው?› ብለው ነው የነገሩኝ። እኔ ተሸከምኩት እንጂ የእኔ ነው አላልኩም።»

ሁለቱም ጋ እውነት ስለነበር ጣልቃ ገባሁ። «ይቅርታ ኦዳይ፤ እኔም ልናገር። ካሪዬ፣ ብዙ ቃል ማወቅህ ጸጋ ነው። አንድ ቃል የጠፋው ሰው አንድ ነገር ማየት ያቅተዋል፤ ስሙን የማያውቀውን ሣር ሰው ረግጦት ያልፋል። ግን አንተ ሻይ ቤት ውስጥ ስትዘረግፈው፣ ሻያቸውን ትተው የወጡትን ሽማግሌ አይተሃቸዋል? በቃልህ አጥር ሠርተህ ውጭ አስቀረሃቸው እኮ!»

ካሪዬ አላየኋቸውም አለ። አፈረ።

«እርስዎም ኦዳይ» አልኩ፣ «ከእሱ ለመብለጥ ብለው የእሱን ልብስ ለበሱ። የእርስዎ አነጋገር ያስለቀሰን እኮ ስለሚገባን ነበር።»

«ታዲያ ምን ላድርግ መምህር? በራሴ አነጋገር ብናገር ‹ሸርማርኬ አርጅቷል፣ የወንድሙ ልጅ በለጠው› ሊሉ ነው። ምን እንደሚያቃጥል አታውቁትም። እኔ ስገባ ሰው ዘወር ብሎ የሚያየው እሱን ነው!»

ካሪዬ ከበሩ ሳይርቅ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «አደር፣ የቀናሁትስ እኔ ነኝ» አለ።

«በማን?»

«በእርስዎ ነዋ። ልጅ ሆኜ ሁለት ቤተሰቦች ደም ሲቃቡ ሸንጎው ላይ ወስደውኝ ነበር። ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ነበሩ። እርስዎ ተነሥተው አባቱ የተገደለበትን ልጅ እያሳዩ፣ ‹ይህን ልጅ ያለ አባት አስቀርታችኋል፤ ሌላ ልጅ ደግሞ ልትጨምሩለት ነው?› አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ሰዎቹ አለቀሱ። እኔ ያን ቀን በቅናት ተቃጠልኩ። እንደ እሳቸው ካልተናገርኩ አልኖርም አልኩ። የቃሉ ብዛት መስሎኝ ሐውድ ወረድኩ፤ ለቀምኩ ለቀምኩ። ይኸው የማገኘው ጭብጨባ ነው። እስካሁን አንድም ሰው አላስታረቅኩም።»

ኦዳይ ሸርማርኬ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። እንደ ጠላት ያዩት ልጅ ለካ በእሳቸው ሲቀና ነው የኖረው።

«ወይ ጉድ!» አለች ደሃቦ። «ሁለታችሁም ተቃጥላችሁ የእኔን ልጅ አቃጠላችሁት!»

ደሃቦ ትክክል ነበረች። ቅናቱ ከአጎት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ አጎት፣ ከዚያም ወደ ሐጂ ቡራሌ ዘልሎ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ሊባን ሆነ።

«እና ምን ይሁን?» አሉ ኦዳይ። «እሱ ይሂድና ይናገር?»

«አይሆንም» አለ ካሪዬ። «እርስዎ ይናገሩ። ሐጂ ቡራሌ ፊት ግን የዚያን ቃል ትርጉም እኔን ይጠይቁኝ።»

«ምን? በሸንጎ? አንተን? ሞቼ ነው! በቆርቆሮ ወተት ያደገ ልባል?»

«ኦዳይ፣ በእውነት ትርጉሙን ያውቁታል?» አልኳቸው።

ወደ ግድግዳው ዞሩ። «ስለ ግመል የሚባል ጥሩ ነገር መሆኑን አውቃለሁ።»

ያኔ ሊባን ራሱን ቀና አደረገ። ያ ልጅ ዝምተኛ ነው፤ እኔ ያስተማርኩት ነውና አውቀዋለሁ።

«አባ» አለ፣ «እኔ ቃል አላውቅም። ኢዲልን እወዳታለሁ። ትናንት ስንት ነገር ሲባል ዋለ፤ ይህን የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም።»

ኦዳይ ሸርማርኬ ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ዱላቸውን ፈለጉ፤ አጠገባቸው ነበር።

«ተነሡ፤ እንሂድ» አሉ።

ሐጂ ቡራሌ ሊያስገቡን አልፈለጉም ነበር፤ እንግዳ መመለስ ስለማይቻል አስገቡን። የጎሳቸው ሰዎች ፊታቸውን እንዳጠቆሩ ተሰበሰቡ። በጉ አሁንም ጥግ ላይ ታስሯል። ኦዳይ ሸርማርኬ ተነሡ።

«ሐጂ ቡራሌ፣ ትናንት ልጅህን በአንድ ቃል ጠራኋት። ቃሉ የሚያምር ነው። ከወንድሜ ልጅ አፍ ሰምቼ፣ እሱን ልበልጥ ብዬ ወሰድኩት።» ዱላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ትርጉሙን ግን አሳምሬ አላውቀውም። ካሪዬ... ምን ማለት ነው?»

ግቢው ሁሉ ወደ ካሪዬ ዞረ። ሸንጎ ላይ ያረጀ አንድ ተናጋሪ፣ በሰው ፊት፣ ጢሙን ያላሳደገ ልጅን የቃል ትርጉም ሲጠይቅ የሰማ በዚያ ግቢ ውስጥ አልነበረም። እኔ በበኩሌ ካሪዬን ፈራሁት፤ አሁን ቢያላግጥ አጎቱ ዕድሜ ልካቸውን አይነሡም።

ካሪዬ ተነሥቶ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። «አደር በትክክለኛው ቦታ ነው የተናገሩት» አለ። «ሲመሽ ማንም ሳይነዳት ከፊት ቀድማ መንጋውን ሁሉ ወደ ቤት የምትመልስ ግመል እንዲህ ትባላለች። እሷ ያለችበት ቤት ጨለማ ውስጥ አንድም ከብት አይጠፋበትም። ሐውድ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ይህን ስም ለሴት ከሰጡ ከዚህ በላይ ምስጋና የላቸውም።»

ከመጋረጃው ወዲያ የሴቶች እልልታ ወጣ። ሐጂ ቡራሌ ግን ወደ ኦዳይ ሸርማርኬ ዞረው፣ «ሸርማርኬ፣ ስትል የነበረው ይሄንን ነው?» አሉ።

«ይሄንን ነው።»

«እኔም አላወቅኩትም ነበር» አሉ ሐጂ ቡራሌ። «ነቀነቅኩ እንጂ።»

«እኔም» አለ ወንድማቸው። «እኔም ወላሂ» አለ ሌላው። ከዚያ በኋላ የተነሣው ሳቅ! ሁሉም እየተነሣ ያልገባውን ይናዘዝ ጀመር፤ አንዳንዱማ ከትናንቱ አልፎ የዱሮ ሸንጎ ሁሉ እያነሣ፣ «ያኔም እኮ አልገባኝም ነበር» ይላል። ኦዳይ ሸርማርኬ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው በራሳቸው አነጋገር፣ ደሃቦም እኔም ልጆቹም በምናውቀው ቃል፣ «ልጄ ልጅህን ይወዳታል። ቤታችን ሲመሽ ሁላችንን ወደ ቤት የምትሰበስብ ሰው አጥቷል። ስጠን» አሉ።

በጉ ታረደ።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ይህን ሁሉ የተረክሁላችሁ ብርቅ ቃል ጣሉ ለማለት አይደለም። ያቺን ግመል እኔ በአማርኛ ስነግራችሁ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ፈጀብኝ፤ በዚያ ቃል ግን በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። እንዲህ ያለ ቃል ቢጠፋ ድህነታችን የራሳችን ነው። የምትናገሩ ሰዎች፣ ብርቅ ቃል ስታወጡ ትርጉሙን ለማያውቀው እንደ ምሳ አቅርቡለት፤ በአጥር አትመልሱት። የምትሰሙ ሰዎች ደግሞ፣ አልገባኝም ማለት ያዋርዳል ብላችሁ አትነቅንቁ! ከዚያ ወዲህ በቡርኦ ሸንጎ «ምን ማለት ነው?» ማለት ተለመደ። ነገር ቶሎ ይገባል፤ ጠብ ቶሎ ይበርዳል። ሻይ ቤቱም ውስጥ ካሪዬ አንድ ቃል ሲያወጣ ዝም ብሎ የሚያጨበጭብለት የለም፤ ያስረዳል፣ ይጠየቃል፣ ይታረማል። እኚያ ሻያቸውን ትተው የወጡት ሽማግሌ ተመልሰው መጥተዋል፤ ሦስት የማናውቃቸው የሣር ስሞችም ነግረውናል።

ቅናቱስ? ጠፋ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ሰርጉ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ።

በእኛ ወግ የሙሽራይቱ ቤት የደረቀ ሥጋ ከቅቤና ከተምር ጋር የተሞላበት ዕቃ ያመጣል፤ ዕቃው እንደ ሙሽራ ለብሶ በገመድ ተቆላልፎ ነው የሚመጣው። የወንዱ ወገን ያለ ቢላ መፍታት አለበት፤ ካልፈታ ሴቶቹ መሳለቂያ ያደርጉታል። ሁሉም ካሪዬን ገፉት። ልጁ ተቀመጠና ይጎትት፣ ይገፋ፣ ያላብ ጀመር። ቋጠሮው ንቅንቅ አላለም። ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ።

«የቋጠሮውን ስም ሁሉ ታውቅ የለ? ፈታው እንጂ!» አሉ ኦዳይ ሸርማርኬ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ፣ አላህ ይቅር ይበላቸው፣ የኢዲል መምጣት ብቻ ያመጣው አልነበረም።

ካሪዬን በክንዳቸው ገፋ አድርገው ተቀመጡ። የገመዱን ጫፍ በጣታቸው ፈልገው አገኙት፤ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ጎን አደረጉት፣ ዕቃው ተፈታ። እየፈቱም ለራሳቸው የሚያጉረመርሙ ይመስል አንድ ቃል ተናገሩ።

ካሪዬ ላቡን እየጠረገ ቀና አለ። «አደር፣ አሁን ምን አሉ?»

«ቋጠሮውን ነዋ። ስሙን ነው ያልኩት። እናቴ እንዲህ ነበር የምትለው።»

ልጁ ቃሉን ሰምቶት አያውቅም ነበር። ሰርገኛው ሁሉ ያየው ነበር። ቀረብ ብሎ ተንበረከከና፣ «ምን ማለት ነው?» አላቸው።

ኦዳይ ሸርማርኬ ከተምሩ አንድ አንሥተው በአፉ አጎረሱትና፣ «ቁጭ በል፤ እነግርሃለሁ» አሉት።